አምላክ ለምን ሰው ሆነ? በክርክሩ መሀል የሚዘለለው ጥያቄ

ሰሞኑን ስልኩን የከፈተ ሰው ይህ ክርክር ሳያጋጥመው አይቀርም። ቲክቶክ ላይ ሁለት ሰዎች ላይቭ ይገባሉ። አንዱ «አምላክ እንዴት ይራባል? እንዴት ይተኛል?» ይላል። ሌላው «የአምላክን ኃይል አንተ ልትወስን ነው እንዴ?» ብሎ ይመልሳል። ኮሜንቱ ይንጫጫል። በማግስቱ ክሊፑ ተቆርጦ ጅማ ይደርሳል፤ ፈረንጅ አራዳ ካፌ ውስጥ፣ መርካቶ ባጃጅ ተራ ላይ፣ ዩኒቨርሲቲው ዶርም ውስጥ ያው ጥያቄ ይነሳል።

ጅማ ላይ ነገሩን ለየት የሚያደርገው ተከራካሪዎቹ የአንድ ግቢ ሰዎች መሆናቸው ነው። ሙስሊሙም ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም አለ፣ ካቶሊኩም በቁጥር ቢያንስም አለ። በአረፋም በገናም አንዱ የሌላውን ቤት ያንኳኳል። ስለዚህ ጥያቄው ስክሪን ላይ አይቀርም። ቡና ተፈልቶ፣ አቦልና ቶናው አልፎ፣ በረካው ላይ ይመጣል።

ክርክሩ ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ጥያቄ ስለሚቀላቀልበት ነው። አንዱ «አምላክ ሰው መሆን ይችላል ወይ?» የሚለው ነው። ሌላው «ለምን አስፈለገው?» የሚለው። ላይቩ ሁሉ የመጀመሪያው ላይ ሲጮህ ያመሻል፤ ሁለተኛውን ግን ዘሎት ያልፋል። የክርስትና ሥነ መለኮት (ቲኦሎጂ፣ ስለ አምላክ የሚደረግ ሥርዓት ያለው ትምህርት ማለት ነው) ብዙውን ጉልበቱን ያፈሰሰው ግን ሁለተኛው ላይ ነው። ያ ጥያቄ ደግሞ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ስለ ሰው ባለን አመለካከት ላይ ነው። ሰው ምን ሆኖ ነው እንዲህ ያለ ነገር ያስፈለገው?

ምን ተባለ፣ ምንስ አልተባለም

ትምህርቱ ምሥጢረ ሥጋዌ ይባላል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር ሁለተኛው ነው፤ ከሥላሴ ቀጥሎ፣ ከጥምቀት፣ ከቁርባንና ከትንሣኤ ሙታን በፊት ይማሩታል። መነሻው የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ነው፦ «ቃልም ሥጋ ሆነ»። ቃል የተባለው ወልድ ነው፣ ከሥላሴ አንዱ። ሥጋ ሲባል ደግሞ ገላ ብቻ ማለት አይደለም። ነፍስ ያለው፣ የሚያስብ፣ የሚራብ፣ የሚደክም፣ ወዳጁ ሲሞት የሚያለቅስ ሙሉ ሰው ማለት ነው።

ያልተባሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አምላክ አምላክነቱን ትቶ ወደ ሰው ተለወጠ አልተባለም። አንድ ጻድቅ ሰው አድጎ አድጎ አምላክ ሆነም አልተባለም። ላይቭ ላይ ሲፈርስ የምታዩት አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ሰውየው የማያምንበትን ነገር አፍርሶ መርታት ቀላል ነው። ክርስቲያኑም አንዳንዴ ሳያውቀው ከሁለቱ አንዱን ሲከላከል ይውላል።

«ማርያም ማኅፀን ውስጥ ሳለ ዓለሙን ማን ይጠብቅ ነበር?» የሚለውም አዲስ ጥያቄ አይደለም። የእስክንድርያው ጳጳስ አትናቴዎስ በ4ኛው ክፍለ ዘመን መልሶበታል። ቃል በሥጋው ውስጥ ተዘግቶ አልተቀመጠም፤ ሥጋን ለብሶ ሳለ ዓለሙን ይዞ ነበር፣ ይላል። ይህ አትናቴዎስ ለአክሱም የመጀመሪያውን ጳጳስ፣ ፍሬምናጦስን፣ እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለውን የሾመው ሰው ነው። ነገሩ ለሀገራችን የሩቅ ወሬ አይደለም።

በእርሱ ዘመን የነበረው ትልቁ ጠብ ከአርዮስ ጋር ነበር። አርዮስ ወልድ የተፈጠረ ነው፣ ከፍጡራን ሁሉ ይበልጣል እንጂ እንደ አብ አምላክ አይደለም አለ። በ325 (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) ኒቅያ ላይ የተሰበሰቡት፣ በእኛ ትውፊት 318 የሚባሉት አባቶች፣ ይህን ውድቅ አደረጉ። 1,700ኛው ዓመት በ2025 ታስቧል። ጉባኤው ያወጣውና በ381 በቁስጥንጥንያ ጉባኤ የተሟላው የሃይማኖት መግለጫ በቅዳሴ ላይ ጸሎተ ሃይማኖት ተብሎ ዛሬም ይደገማል። እዚያ ውስጥ «ለምን» ለሚለው በጣም አጭር መልስ አለ፦ ከሰማይ የወረደው ስለ እኛ ስለ ሰዎች፣ እኛን ለማዳን ነው ይላል። ከምን ለማዳን? የሚለውን ግን መግለጫው አይዘረዝርም። ክርክሩም ልዩነቱም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

ንጉሡና ጉንዳኑ

ስብከት ላይ ሁለት ምሳሌዎች በብዛት ይሰማሉ። አንደኛው ንጉሥ ሕዝቡን ለማወቅ የድሃ ልብስ ለብሶ ገበያ ይወጣል የሚለው ነው። ሁለተኛው ጉንዳኖችን ከአደጋ ለማስጠንቀቅ የፈለገ ሰው እንደነሱ ጉንዳን መሆን ነበረበት የሚለው። ሁለቱም ልብ ይነካሉ። ሁለቱም ግን ያሳስታሉ ባይ ነኝ።

ንጉሡ ማታ ቤቱ ሲገባ ልብሱን ያወልቃል። ድህነቱ ትያትር ነበር። የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች አጥብቀው የተዋጉት ይህንን ነው፤ ክርስቶስ ሰው መሰለ እንጂ ሰው አልሆነም የሚለው ትምህርት ዶሴቲዝም ይባላል። ሥጋው ማስመሰል ከሆነ ሕማሙም ማስመሰል ነው፣ ሞቱም እንደዚያው።

የጉንዳኑ ችግር ደግሞ ከዚህ የረቀቀ ነው። አምላክ ሰው የሆነው መልእክት ለማድረስ ነው የሚል ያስመስላል። መልእክት ለማድረስ ከሆነ ነቢይ ይበቃል። ሙሴ ሰው ነበር፣ ኢሳይያስም ሰው ነበር፣ ሰው የሚገባው ቋንቋ ይናገሩ ነበር። ሙስሊሙ ጎረቤት «ነቢይ ልኮልን የለ እንዴ?» ሲል ጥያቄው ልክ ነው፤ የጉንዳኑን ምሳሌ ያመጣው ሰው ደግሞ መልስ የለውም።

በሽታው ምንድን ነው?

ጅማ ሆስፒታል የሚሄድ ሰው እንደሚያውቀው ሁለት ሐኪሞች በመድኃኒቱ የማይስማሙት ብዙ ጊዜ በሽታው ላይ ስላልተስማሙ ነው። እዚህም እንደዚያ ነው። የሰው ችግር አለማወቅ ከሆነ መምህር ይበቃል። ችግሩ ጥፋት ብቻ ከሆነ ንስሐና ይቅርታ ይበቃል። ክርስትና ግን ከሁለቱ በታች ሦስተኛ ነገር አለ ይላል፤ ሞት። ይህም በሥጋ መሞት ብቻ አይደለም። የሰው ተፈጥሮ ከሕይወት ምንጭ ተቆርጦ ከውስጥ መበላሸቱ ነው።

አትናቴዎስ ገና በወጣትነቱ ጻፈው በሚባለው ስለ ሥጋዌ በሚናገረው ድርሰቱ ነገሩን እንደ አጣብቂኝ አድርጎ ያስቀምጠዋል። አምላክ ለአዳም «ከዛፉ በበላህ ቀን ትሞታለህ» ብሏል። ሰው በላ። እንግዲህ አምላክ ምን ያድርግ? ቃሉን አጥፎ «በቃ፣ አትሞትም» ቢል ዋሾ ሊሆን ነው። ቃሉን ጠብቆ ዝም ቢል ደግሞ በመልኩ የፈጠረው ፍጡር ዓይኑ እያየ ይጠፋል፤ ይህም ለቸርነቱ አይገባም። ታዲያ ንስሐ ቢያስገባቸውስ? አትናቴዎስ ይህንንም አንስቶታል። ነገሩ ጥፋት ብቻ ቢሆንና መበላሸት ባይከተለው ኖሮ ንስሐ በበቃ ነበር፣ ይላል። ንስሐ ሰውን ከኃጢአት ይመልሰዋል፤ ከሞት ግን አያስነሳውም።

ከዚያ አንድ ምሳሌ ያመጣል። እንጨት ላይ የተሳለ የሰው ሥዕል አለ። ቆሽሾ ፊቱ የማይታይ ሆኗል። ሠዓሊው እንጨቱን አይጥለውም፣ የተሳለበት መልክ የከበረ ነውና። ግን ከትዝታም አያድሰውም። የሥዕሉ ባለቤት ራሱ እንደገና መጥቶ መቀመጥ አለበት፤ በዚያው እንጨት ላይ መልኩ የሚታደሰው ያኔ ነው። ሰው በአምላክ መልክ ተፈጠረ፣ መልኩ ደበዘዘ። ስለዚህ መልኩ የማን እንደሆነ የሚያሳየው ራሱ መጣ። ለምን ከሥላሴ ወልድ ተለይቶ ሰው ሆነ ለሚለውም መልሱ እዚሁ ነው፤ ሁሉ በእርሱ ተፈጥሯል፣ ስለዚህ የሚያድሰውም እርሱ ነው።

የሀገራችን ትውፊት ይህንኑ በታሪክ መልክ ይተርከዋል። አዳም ከገነት ወጥቶ ሲያለቅስ አምላክ ቃል ኪዳን ሰጠው፦ አምስት ቀን ተኩል ሲፈጸም ከልጅ ልጅህ ተወልጄ አድንሃለሁ። በአምላክ ዘንድ አንድ ቀን እንደ ሺህ ዓመት ነውና ይህ 5,500 ዘመን ማለት ነው። ባሕረ ሐሳብ የሚያሰላ ሰው እስከ ዛሬ ዓመተ ዓለሙን ለማግኘት ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5,500 ይደምራል። አጽዋማትና በዓላት የሚወጡበት ስሌት ውስጥ ሥጋዌ የዘመን መገናኛ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። ፅንሰቱ መጋቢት 29 ይታሰባል፣ ልደቱ ታኅሣሥ 29፤ በዘመነ ዮሐንስ ግን ያለፈው ጳጉሜ ስድስት ስለነበረች ልደቱ ታኅሣሥ 28 ይውላል።

«አንድ ቃል ተናግሮ ይቅር ቢልስ?»

በጣም የሚነሳው፣ በጣምም የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው። ሁሉን ቻይ ነው አላችሁ። ዓለምን «ይሁን» ብሎ ፈጠረ አላችሁ። ታዲያ ሰውን ለማዳን «ዳን» ቢለው ምን ችግር ነበረው? መወለድ፣ መራብ፣ መሰቀል ምን አስፈለገ?

አትናቴዎስ ለዚህ የሚመልሰው አጠር ያለ ነው፣ ግን ቆም ብሎ ማሰብ ይፈልጋል። ሰው ከመፈጠሩ በፊት ምንም አልነበረምና ቃል ብቻ በቃ። አሁን ግን ሰው አለ፤ የታመመው ያለው ነው። የሚያስፈልገውም አዲስ ፍጥረት መፍጠር ሳይሆን ያለውን ማዳን ነው። ሞት ደግሞ በውጭ ቆሞ አልነበረም፣ ከሥጋው ጋር ተጣብቆ ነበር። ከውጭ በትእዛዝ ቢባረር ሰውየው ያው የሚሞት ሰው ሆኖ ይቀራል፣ ነገ ይመለስበታል። ስለዚህ ሞት በገባበት በሥጋው በኩል ሕይወት መግባት ነበረባት።

ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ አንድ መርሕ ጨመረበት፦ ያልተዋሐደው አልዳነም። ይህን ያለው አቡሊናርዮስን ለመቃወም ነው። አቡሊናርዮስ ክርስቶስ የሰው ሥጋ ነበረው፣ የሰው አእምሮ ግን አልነበረውም፣ በአእምሮው ቦታ ቃል ነበረ ብሏል። ጎርጎርዮስ ታዲያ የሰው አእምሮ አልበደለም እንዴ? ብሎ ይጠይቃል። መጀመሪያ የሳተው አእምሮ ነው፤ እርሱ ካልተወሰደ ዋናው ታማሚ ተረስቷል። እንደኔ በዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ ከሁሉ የጠነከረው ነጥብ ይህ ነው። መዳን በትእዛዝ ሳይሆን በመዋሐድ ነው ካልን የተወሰደው ሰውነት ሙሉ መሆን አለበት፣ የወሰደውም እውነተኛ አምላክ መሆን አለበት። ከሁለቱ አንዱ ቢጎድል ድልድዩ በአንድ በኩል አይደርስም።

ወደ ምዕራቡ ስንሄድ መልሱ ሌላ መልክ ይይዛል። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ አንሰልም በ1098 ገደማ በጨረሰው መጽሐፍ፣ ርእሱም «አምላክ ለምን ሰው ሆነ» የሚል ነው፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ ሳይታገዝ በምክንያት ብቻ ላስረዳ አለ። ኃጢአት ለአምላክ የሚገባውን ክብር መንፈግ ነው። የተነፈገው መካስ አለበት፣ ካሳውም ከፍጥረት ሁሉ የሚበልጥ መሆን አለበት። መካስ ያለበት ሰው ነው፣ ባለዕዳው እርሱ ነውና። መካስ የሚችለው ግን አምላክ ብቻ ነው። ስለዚህ ካሳውን የሚከፍለው አምላክም ሰውም የሆነ አንድ መሆን አለበት።

ይህ መልስ እንደ ሒሳብ ጥርት ያለ ነው። ነቀፋም አላጣውም። አምላክን ክብሬ ተነካ ብሎ እንደሚቆጣ የዚያ ዘመን ባላባት አደረገው ይሉታል። ደጋፊዎቹ ደግሞ ክብር ሲል የግል ኩርፊያ ማለቱ አይደለም፣ የዓለሙን ሥርዓት ማለቱ ነው፣ በደል እንዲሁ ከታለፈ ፍትሕ የሚባል ነገር አይኖርም ብለው ይመልሳሉ። ከእርሱ ጥቂት ቆይቶ የመጣው ፈረንሳዊው መምህር አቤላር የተለየ መንገድ ያዘ፤ ክርስቶስ ሰው ሆኖ መሞቱ የአምላክን ፍቅር አሳይቶ የሰውን ልብ ያነቃል አለ። ልብ ይነካል። ግን ብቻውን ከቆመ ወደ ጉንዳኑ ምሳሌ ይመልሰናል።

በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሐድሶ መሪዎች፣ በተለይ ሕግ የተማረው ካልቪን፣ የአንሰልምን ካሳ ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ሰው ጥፋተኛ ነው፣ ቅጣቱ ሞት ነው፣ ክርስቶስ በሰው ምትክ ቅጣቱን ተቀበለ። ጅማ ውስጥ በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት፣ በሰፈር አጠራር በጴንጤዎቹ ዘንድ፣ «በእኔ ፈንታ ሞተ» ሲባል የምንሰማው ይህን ነው። ኢሳይያስ 53 ላይ «እርሱ ግን ስለ መተላለፋችን ቈሰለ» የሚለውን ይጠቅሳሉ።

ዕዳው ለማን ተከፈለ?

«ቤዛ» የሚለው ቃል ወንጌል ውስጥ አለ። ቤዛ ከሆነ ተቀባይ አለው ማለት ነው። ማን ነው ተቀባዩ? እዚህ ላይ ክርስቲያኖች ራሳቸው ለብዙ ዘመን ተጨቃጭቀዋል።

አንድ የቆየ መልስ ዲያብሎስ ነው ይላል። ሰው ራሱን ሸጦለት ነበርና። የሀገራችን ትውፊት ውስጥ ታዋቂው የዕዳ ደብዳቤ ታሪክ ከዚህ ጋር ይቀራረባል። ዲያብሎስ አዳምን «አዳም የዲያብሎስ ባሪያ፣ ሔዋን የዲያብሎስ ገረድ» ብለህ ጻፍልኝ አለው፤ አንዱን ጽሕፈት በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል ሸሸገው። ጌታ በተጠመቀ ጊዜ የዮርዳኖሱን ደመሰሰው፣ በሞቱ ሲኦል ወርዶ ሁለተኛውን። ጥምቀት ሲደርስ ስብከት ላይ የማይቀር ታሪክ ነው። ቆላስይስ 2 ላይ ያለው የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ተደመሰሰ የሚለው ቃል አብሮ ይነሳል። ልብ በሉ፣ በታሪኩ ውስጥ ለዲያብሎስ የሚከፈለው ነገር የለም። ደብዳቤው ይደመሰሳል እንጂ ዕዳው አይቆጠርለትም።

ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ግን ነገሩን እንደ ዓሣ ማጥመጃ ተርኮታል። መለኮት በሥጋ ተሸፍኖ መንጠቆ ሆነ፣ ዲያብሎስ ሥጋውን ልዋጥ ብሎ መለኮቱን ዋጠ። የስሙ ሞክሼ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ደግሞ ለዲያብሎስ ቤዛ ተከፈለ የሚለውን ነውር ነው ብሎ ጣለው። ሌባ ለሰረቀው ዋጋ ይከፈለዋል እንዴ? ለአብ ተከፈለ እንዳንል ደግሞ ምርኮኛ አድርጎ የያዘን አብ አልነበረም፤ አብ የተቀበለው ጠይቆት ወይም አስፈልጎት ሳይሆን ሰው በአምላክ ሰውነት መቀደስ ስላለበት ነው አለ። ከሁለቱ የኋለኛው ሚዛን ይደፋል እላለሁ። ምሳሌውን ጥግ ድረስ ከጎተቱት ይበጠሳልና።

ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክ፣ ፕሮቴስታንት

ከሩቅ ሲታይ ሦስቱም አንድ ነገር ይላሉ፦ ወልድ ፍጹም አምላክ ነው፣ ፍጹም ሰው ሆነ፣ ለማዳን። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ነው።

አንደኛው «እንዴት» የሚለው ነው። በ451 የኬልቄዶን ጉባኤ ክርስቶስ በሁለት ባሕርይ (ተፈጥሮ) አንድ አካል ነው አለ። ካቶሊኮችና አብዛኞቹ ፕሮቴስታንቶች ይህን ይቀበላሉ። የእኛ ተዋሕዶ ከግብፅ፣ ከሶርያና ከአርመን ጋር አልተቀበለችውም። የእስክንድርያውን ቄርሎስን ተከትላ ከሁለት አካል አንድ አካል፣ ከሁለት ባሕርይ አንድ ባሕርይ ሆነ ትላለች፤ ያለ ውላጤ (ሳይለወጥ)፣ ያለ ቱሳሔ (ሳይቀላቀል)፣ ያለ ፍልጠት (ሳይለያይ)። ቄሱ ከቁርባን በፊት መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) የዓይን ጥቅሻ ታህል እንኳ አልተለየም እያለ የሚመሰክረው ለዚህ ነው። ሀገር ውስጥም ቀላል ጉዳይ አልነበረም። ቅባት፣ ጸጋና ካራ የሚባሉት ወገኖች ለረጅም ዘመን ሲከራከሩበት ቆይተው ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ እስከ መጥራት ደርሰዋል። በሌላ በኩል በ1973 የሮሙ ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በጋራ ባወጡት መግለጫ ክርስቶስ ፍጹም አምላክ ፍጹም ሰው ነው፣ መለኮቱ ከትስብእቱ አልተለየም ብለው አብረው መስክረዋል። ጠቡ ጠፋ ማለት አይደለም። ግን ላይቭ ላይ እንደሚባለው አንዱ ሰውነቱን ሌላው አምላክነቱን ይክዳል የሚለው ውሸት ነው።

ሁለተኛው ልዩነት «ለምን» የሚለው ላይ የሚሰጠው ክብደት ነው። ፕሮቴስታንቱ ሲሰብክ ክብደቱ መስቀሉ ላይ ያርፋል፤ ገና የሚከበረው ስቅለት ስለሚመጣ ነው ማለት ይቻላል። ኦርቶዶክሱ ዘንድ ልደቱ ራሱ ማዳን ነው። አምላክ የሰውን ባሕርይ በተዋሐደበት ቅጽበት የሰው ባሕርይ ከፍ አለ። «አምላክ ሰው ሆነ፣ ሰውም አምላክ ሆነ» የሚለው አነጋገር የመጣው ከዚህ ነው። ሰው በባሕርዩ አምላክ ሆነ ማለት አይደለም፤ በጸጋ የአምላክ ልጅ ሆነ ነው። ቁርባኑም የዚህ ቀጣይ ነው፤ የተዋሐደውን ሥጋ ይበሉታል። አንዱ የሌላውን የሚክድ አይደለም። ኦርቶዶክሱም ስቅለትን ይሰግዳል፣ ፕሮቴስታንቱም ዮሐንስ 1ን ያነባል።

ሙስሊሙ ጎረቤት ሲጠይቅ

ከሙስሊም በኩል የሚመጣው ተቃውሞ በደንብ መሰማት አለበት፣ ተራ አለመግባባት አይደለምና። የእስልምና መሠረት ተውሂድ ነው፤ አላህ አንድ ነው፣ አምሳያ የለውም። ሱረቱል ኢኽላስ «አልወለደም፤ አልተወለደምም» ይላል። ዒሳ የመርየም ልጅ ነው፣ ያለ አባት የተወለደ፣ ታላቅ ነቢይ፤ ቁርኣን ሱረቱ ኒሳእ ላይ የአላህ ቃል ብሎም ይጠራዋል። አምላክ ማለት ግን ሺርክ ነው፣ ለአላህ ተጋሪ ማድረግ።

ክርስቲያኑ ቶሎ የሚመልሰው «መወለድ ስንል ሚስት አግብቶ ማለታችን አይደለም» ብሎ ነው። ይህ ልክ ነው፤ ኒቅያ «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ሲል ዘመን የሌለውን የአብና የወልድ ግንኙነት ነው የገለጸው። ግን ዋናውን ልዩነት አይነካም።

ዋናው ልዩነት አዳም ላይ ነው። በቁርኣን አዳም ተሳሳተ፣ ከጌታው ቃላትን ተቀበለ፣ ተጸጸተ፣ ጌታውም ጸጸቱን ተቀበለው፤ አል-በቀራ 37 ላይ አለ። ጉዳዩ እዚያው ተዘጋ። ማንም የሌላውን ሸክም አይሸከምም። ሰው ደካማና ረሺ ነው፣ የሚያስፈልገው መመሪያ (ሂዳያ) ነው፣ መመሪያውንም ነቢያት ያመጣሉ። በዚህ እይታ አምላክ ሰው መሆኑ የማይቻል ብቻ ሳይሆን ምንም የማይጠቅም ነው። የሚድን በሽታ የለማ! በክርስትና ግን አዳም ቢጸጸትም ሞት አልቀረለትም። ልጁ አቤል በሰው እጅ ሞተ፣ እርሱም ወደ አፈር ተመለሰ።

ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ስለ አምላክ የሚጨቃጨቁ ይመስላቸዋል፤ ግማሹ ጭቅጭቅ ስለ ሰው ነው። ስቅለቱም እንደዚሁ ነው። ሱረቱ ኒሳእ 157 ዒሳ አልተሰቀለም ይላል። ክርስቲያኑ ይህን እንደ ታሪክ ክርክር ብቻ ያየዋል። ግን ሰው የሆነው ሞትን በሞቱ ለመሻር ነው ካልን ሞቱ ሲወጣ ሰው የመሆኑ ምክንያትም አብሮ ይወጣል። አንዱን ተቀብሎ ሌላውን መተው አይቻልም፣ ሁለቱም ወገን በዚህ ይስማማል።

አዳም ባይበድልስ?

እስካሁን ያልነው ሁሉ ሥጋዌ ለበሽታ የመጣ መድኃኒት ነው በሚል ላይ የቆመ ነው። ሁሉም ሊቃውንት ግን እንደዚህ አያስቡም። በ1274 ያረፈው ቶማስ አኩዊናስ መጽሐፍ ቅዱስ የሚሰጠው ምክንያት ኃጢአት ነው፣ ስለዚህ ኃጢአት ባይኖር አምላክ ሰው አይሆንም ነበር ማለት ይሻላል አለ። አምላክ ቢፈልግ ግን ያኔም ይችል ነበር ብሎ ጨምሯል። በ1308 ያረፈው ፍራንሲስካዊው ዱንስ ስኮተስ ደግሞ ተቃራኒውን ያዘ። የአምላክ ትልቁ ሥራ በአዳም ጥፋት ላይ እንዴት ይንጠለጠላል? ክርስቶስ መጀመሪያውኑ የታሰበ ነው፤ ዓለም የተፈጠረው ለእርሱ ነው። ቆላስይስ 1 «ሁሉ በእርሱና ለእርሱ ተፈጥሮአል» ይላል። በመነኮሳቱ መጻሕፍት ስሙ የታወቀው ሶርያዊው ማር ይስሐቅም፣ በ7ኛው ክፍለ ዘመን፣ ምክንያቱን ፍቅር ላይ ያደርገዋል፤ የኃጢአት ስርየት ብቻ ቢሆን በሌላ መንገድ ሊሆን ይችል ነበር ይላል።

ይህ ከተያዘ ነገሩ ይገለበጣል። ሥጋዌ ለብልሽት የተበጀ ጥገና መሆኑ ይቀርና ሰው የተፈጠረበት ዓላማ ራሱ ይሆናል። ለጅማው የበረካ ክርክርም ለውጥ ያመጣል፤ «በሽታ የለም» ለሚለው ሙስሊም ስኮተስ «እሺ፣ ባይኖርም» ሊለው ይችላል። ግን ዋጋ ያስከፍለዋል። ኃጢአት ባይኖር የሚሞት አይኖርም፣ መስቀል አይኖርም፤ ያኔ ሰው የሚሆነው አምላክ ወንጌል የሚተርክልን የተሰቀለው ኢየሱስ መሆኑ ይቀራል። የስኮተስ ተከታዮች ለዚህ ሰው መሆኑን ከመሞቱ ለይተው ይመልሳሉ፦ ሊመጣ የነበረው ድሮም ነበር፣ ሊሞት የመጣው ግን ስለበደልን ነው። የአኩዊናስ ወገን ይህ አይዋጥለትም፣ መጽሐፉ ያልነገረንን «ባይሆን ኖሮ» ለምን እንገምታለን ይላል። በቲኦሎጂ ትምህርት ቤቶች ጥያቄው ዛሬም አልተዘጋም።